ለሰፈር ልጆች የሚሆኑ የድሮ የውሻ ፊልሞች፦ የትኛውን እናሳይ? ልጆቹ «ውሻው እንዴት አወቀ?» ሲሉስ ምን እንበል?

የኮዬ እናት ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ባለው የእድራችን አዳራሽ እሑድ ከሰዓት ለሰፈር ልጆች ፊልም እናሳያለን። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 13 ነው። የሚቀጥለውን ወር በድሮ ፊልምና ቴሌቪዥን ለታወቁ ውሾች፣ ጊዜ ከተረፈም ለሌሎች የቤት እንስሳት ልንሰጠው ተስማምተናል። ላሲ፣ ሪን ቲን ቲን፣ ቶቶ፣ ቤንጂ እና «ኦልድ የለር» ታስበዋል።

ከምታውቁ ሰዎች የምፈልገው ይህን ነው። የትኛው ለየትኛው ዕድሜ ይሆናል? አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባ የሚያስደነግጥ ቦታ የቱ ጋ ነው? ልጆቹ ደጋግመው «ውሻው እንዴት አወቀ?» ይላሉ፤ እውነተኛውን መልስ፣ ቢቻል ደግሞ በግቢያቸው ውሻ ሊሞክሩት የሚችሉትን ነገር ልንሰጣቸው እንፈልጋለን። ፊልሞቹ በአማርኛ ስለሌሉ አንድ ሰው ቆሞ ይተረጉማል። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ፕሮጀክተሩ ባለ አምፖል፣ ስክሪኑ ነጭ አንሶላ ነው። አንዳንድ ወላጆች ደግሞ ከወዲሁ «እንደ ላሲ ያለ ውሻ ከየት ይገዛል?» እያሉ ነው፤ ስለዚህም የምትሉን ካለ አደራ።

ሪል ቆጣሪ መለሰ፦

እህቴ፣ የመረጣችሁት ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልለውጥባችሁ። በላሲ አትጀምሩ። መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዝ አገር የተሠራውን «ሬስኪውድ ባይ ሮቨር»ን አሳዩ። 6 ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ተርጓሚም አይፈልግም። ሕፃን ትሰረቃለች። ውሻው በመስኮት ዘሎ ይወጣል፣ ጎዳናውን ይታጠፋል፣ ወንዝ ይዋኛል፣ የደሳሳ ቤቶችን በር አንድ በአንድ እየገፋ ይፈትሻል፣ ሕፃኗን ሲያገኝ በመጣበት ተመልሶ አባትየውን ይጠራል። ያሠራው ሴሲል ሄፕዎርዝ ነው። አባትና እናት ሆነው የታዩት እሱና ሚስቱ ናቸው፤ ሕፃኗ የራሳቸው ልጅ፣ ውሻውም ብሌር የሚባለው የቤታቸው ኮሊ (እንደ ላሲ ያለ ረጅም ጸጉር ያለው የውሻ ዘር) ነበር። ቅጂው ከመጠን በላይ ስለተሸጠ ዋናው ነጋቲቭ አልቆ ፊልሙ ከነጭራሹ ሁለት ጊዜ እንደገና ተቀርጿል።

«እንዴት አወቀ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ እዚህ አለ። አንዴ አሳይታችሁ ስትጨርሱ ድገሙትና፣ ውሻው ሕፃኗን አግኝቶ ሲመለስ ወንዙ ጋ አቁማችሁ «ቀጥሎ የሚመጣው ቦታ የቱ ነው?» በሏቸው። ይመልሱታል። ካሜራው በሄደበትም በተመለሰበትም እነዚያው ቦታዎች ላይ ነው የቆመው፤ ቦታዎቹ ተገልብጠው ሲመጡ ልጆቹ መንገዱን ከውሻው ጋር አብረው ያውቁታል። ብሌር ግን የጠፋች ሕፃን እየፈለገ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ሰው ድምፅ ተከትሎ ነው የሚሮጠው። ፍለጋ ያደረገው የቁራጮቹ አቀማመጥ ነው። ይህን የገባው ልጅ የቀሩትን ፊልሞች በሌላ ዓይን ያያል፤ ስለዚህ ነው መጀመሪያ ይምጣ የምለው።

አንድ ማሳሰቢያ። ሕፃኗን የምትሰርቀው ለማኝ ሴት ናት። በየደጀ ሰላሙ ለነዳያን እየሰጡ የሚያድጉ ልጆች ይህን እንዳለ እንዲወስዱት አልፈልግም። በዚያ ዘመን ፊልም ድሃውን ክፉ አድርጎ ማሳየት የተለመደ እንደነበር በአጭሩ ንገሯቸው።

ድምፅ አልባ ፊልም ስታወርዱ ፍጥነቱን እዩ። በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ ከ16 እስከ 20 ምስል አካባቢ የተቀረጸ ነገር በ24 ሲለቀቅ ሰዎቹ ሁሉ የተነካ ጉንዳን ይመስላሉ። ሮቨር በ4 ደቂቃ ካለቀባችሁ ፈጥኗል፤ ማጫወቻው ላይ ፍጥነቱን ወደ 0.7 አውርዱት። ደግሞም ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ተርጓሚ አይሰማም፤ ድምፅ አልባዎቹን ለእንዲህ ያለው እሑድ ተጠባባቂ አድርጉ። ቻፕሊን ከውሻ ጋር የሚታይበት «ኤ ዶግስ ላይፍ»ም (1918) ለዚሁ ይሆናል።

ሁለተኛ ሪን ቲን ቲን። ሊ ደንከን የተባለ አሜሪካዊ ወታደር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1918 ፈረንሳይ ውስጥ ፍሊሬ በምትባል መንደር፣ በቦምብ ከተመታ የውሻ ማደሪያ ያወጣው የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ነው። «ክላሽ ኦፍ ዘ ዉልቭስ»ን (1925፣ 74 ደቂቃ) ምረጡ። የተኩላ መንጋ መሪ ሆኖ ይሠራል፤ እሾህ ይወጋዋል፣ ያነክሳል፣ ሰው ይነቅልለታል። መጀመሪያ ላይ መንጋው ከብት የሚያባርርበት ቦታ ትንንሾቹን ሊያስፈራ ስለሚችል ከ9 ዓመት በላይ ለሆኑት ይሻላል። በዚያ ጊዜ ፊልሙ ድምፅ ስለማይቀርጽ ደንከን ካሜራው እየዞረ በቃል ማዘዝ ይችል ነበር። ድምፅ ሲመጣ ይህ ቀረ፤ ዋርነር ብራዘርስም በ1929 የውሻውን ውል አቋረጠ። ሪን ቲን ቲን በኦገስት 1932 ሞተ። ከ1954 እስከ 1959 በቴሌቪዥን የታዩት ሌሎች ውሾች ናቸው፤ ልጆቹ ያው እሱ እንዳይመስላቸው።

ቶቶ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» (1939) ላይ የታየችው ቴሪ የምትባል ኬርን ቴሪየር (ትንሽ የውሻ ዘር)፣ ሴት ናት። አሠልጣኟ ካርል ስፒትዝ ውሾቹን በእጅ ምልክት ማዘዝ ስላስተማራቸው የድምፅ ፊልም አልከበደውም። ቴሪ ከካሜራው ጀርባ ያለውን እጅ እያየች ነው መጋረጃውን ጎትታ ጠንቋዩን የምታጋልጠው። በቀረጻው ወቅት ከጠንቋይዋ ዘበኞች አንዱ እግሯን ረግጧት ተጎድታ ነበር። ሁለት ነገር አስቀድማችሁ ንገሩ፦ መጀመሪያው ክፍል ቡናማ ቀለም የሆነው ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ አይደለም፤ አረንጓዴዋ ጠንቋይና የሚበሩት ዝንጀሮዎች ደግሞ የ7 ዓመት ልጅ ያስለቅሳሉ። ትንንሾቹን ከታላላቆቻቸው አጠገብ አስቀምጡ።

አሁን ላሲ። «ላሲ ካም ሆም» (1943፣ 89 ደቂቃ) ከሁሉም የምወደው ነው፤ ጊዜ ስጡት። ችግር የጠናባቸው የዮርክሻየር ወላጆች ጆ የሚባለው ልጃቸው የሚወዳትን ውሻ ለመስፍኑ ይሸጣሉ፤ ስኮትላንድ ትወሰዳለች፤ ታመልጥና በእግሯ ትመለሳለች። «ትመለሳለች» እንላለን እንጂ የሠራው ፓል የተባለ ወንድ ኮሊ ነው። ወንዱ ገዝፎ ይታያል፤ ሴቷ ደግሞ በየወቅቱ ጸጉሯን ስለምታራግፍ ከትዕይንት ትዕይንት መልኳ ይለዋወጣል። ፓል ወደ አሠልጣኙ ረድ ዌዘርዋክስ የመጣው ሞተር ሳይክል እያባረረና እየጮኸ ባለቤቱን ስላስቸገረ ነው። ባጃጅ የሚያባርር ውሻ ያላቸው ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል።

ወንዙን ተሻግሮ የሚወጣበትን ቦታ ሁለቴ አሳዩ። ማንኛውም ውሻ ከውኃ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያደርገው መራገፍ ነው። ፓል አይራገፍም። ጸጉሩ ውኃ እንደጠጣ፣ ጅራቱ ተንጠልጥሎ፣ ጥቂት ይራመድና ይተኛል። ድካሙን ድካም ያደረገው ያ የቀረው መራገፍ ነው፤ የሚሠለጥን ነገር መሆኑን ታች ያሉት ባለሙያዎች ያስረዱ። የሚያሳዝነው ቦታ ሌላ ነው፦ እየዞረ የሚነግደው ሰውዬ ያለው ትንሿ ውሻ ቱትስ በወንበዴዎች ተመትታ ትሞታለች። ከዚያ ትዕይንት በፊት ለአፍታ አቁማችሁ ንገሯቸው፤ ሳይነገራቸው ካዩት የቀረውን ፊልም አያዩትም።

«ቤንጂ» (1974፣ 86 ደቂቃ) ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል። ሂጊንስ የሚባለው ውሻ ፍራንክ ኢን ከእንስሳት መጠለያ ወስዶ ያሠለጠነው ድቅል ነው፤ ፊልሙን ሲሠራ በዕድሜ የገፋ ነበር። ከክፉዎቹ አንዱ ትንሿን ነጭ ውሻ በእርግጫ የሚመታበት ቦታ አለ፤ እሱን ብቻ አስጠንቅቁ። «ኦልድ የለር»ን ተዉት። ልጁ ራሱ ውሻውን በጥይት የሚገድልበት ፊልም ለእሑድ ከሰዓት አይሆንም።

ስለ ዕቃው፦ መብራት ድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ ከነግለቱ ይቀራል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ) አድርጉለት። ፕሮጀክተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ዋት አንብቡና ቢያንስ በ30 ከመቶ የሚበልጥ ግዙ፤ ሻጩ የሚነግራችሁ ቪ.ኤ. ግን ዋት አይደለም። በርካሾቹ ላይ ዋቱ የዚያ ቁጥር 60 ከመቶ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ለ300 ዋት ፕሮጀክተር 650 ቪ.ኤ. እንጂ 400 አይበቃም። ፊልም አያስጨርስም፤ በአግባቡ አጥፍታችሁ ማራገቢያው ሁለት ሦስት ደቂቃ እንዲዞር ያደርግላችኋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ፉጨት ዘለገጣፎ መለሰ፦

ሪል ቆጣሪ ካቆመበት ልቀጥል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የፊልም ውሻ ሥልጠና ከሞላ ጎደል በዚህ ላይ የቆመ ነው። ላሲ ልጁን በፍቅር የምታይ የሚመስላችሁ ቦታ ላይ ዓይኗን ልብ ብላችሁ ተከታተሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምታየው በልጁ ትከሻ በኩል አልፎ ነው። እዚያ አሠልጣኙ ምግብ ወይም መጫወቻ ይዞ ቆሟል። ይህን ለልጆቹ በስልክ ማሳየት ይቻላል። አንድ ልጅ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ውሻው አንድ ሜትር ርቆ ፊት ለፊቱ። ስልክ የያዘው ከልጁ ጀርባ ይሁን። ሌላ ሰው ከስልኩ አጠገብ ቁራሽ ሥጋ በልጁ ፊት ቁመት ያህል ይያዝ። ቪዲዮው ላይ ውሻው ልጁን እያየ ይመስላል። እጁን 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ውሻው ሰማይ ያያል፣ ነገሩም ይፈርሳል። ቁመቱን ማስተካከል ነው ሥራው።

ለመጀመር የሚያስፈልገው፦ የተቀቀለ ጉበት ወይም ሳንባ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት (ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል)። በሽምብራ ፍሬ መጠን ቆራርጡት። ለአንድ ጊዜ ልምምድ 40 ቁራሽ ይበቃል፤ ያን ያህል ከራቱ ቀንሱ። ጠዋት 5 ደቂቃ፣ ማታ 5 ደቂቃ፣ ከምግብ በፊት። ከዚያ ከረዘመ ውሻው አፈር ማሽተትና ራሱን ማከክ ይጀምራል፤ ሰልችቶኛል ማለቱ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የዋለ ውሻ ከሆነ መጀመሪያ ተፈትቶ ግማሽ ሰዓት ይሩጥ፤ ሳይሮጥ ምንም አይሰማችሁም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አታዙት። ምላሳችሁን ከላንቃችሁ አንዴ አጩኹና ወዲያው ቁራሽ ስጡት፤ 20 ጊዜ። ያን ድምፅ ሲሰማ እጃችሁን ማየት ከጀመረ ገብቶታል። ከዚህ በኋላ ድምፁ «አሁን ያደረግከው ትክክል ነው» የሚል ምልክት ይሆናል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ሰው መጀመሪያ ይሰጣል፣ በኋላ ያጮኻል። ድምፁ ይቅደም፣ ምግቡ ይከተል።

ቀጥሎ ቦታ መያዝ። 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ መሬት ላይ አድርጉ። ሁለቱ የፊት እግሮቹ ሲያርፉበት አጩኹና ስጡ። በጥቂት ቀን ውስጥ ጣውላውን ሲያይ ራሱ ሄዶ ይወጣበታል። ከዚያ ጣውላውን ወደ 25፣ ወደ 15 አሳንሱት፤ በመጨረሻ የመሬቱን ቀለም የሚመስል ካርቶን ተኩበት። በፊልም ላይ ውሻ ሮጦ መጥቶ ልክ በሩ ላይ ቀጥ የሚለው እንዲህ ያለ ሣር የሸፈነው ነገር ስለረገጠ ነው።

መቆየት ደግሞ በጊዜ ይጀመራል፤ 1 ሰከንድ፣ 3፣ 5፣ 10። ርቀት የሚጨመረው 10 ሰከንድ ሲጸና ነው፤ ስትርቁ ጊዜውን መልሳችሁ ወደ 2 ሰከንድ አውርዱት። ሁለቱን አንድ ላይ የጨመረ ሰው ውሻው ይነሣበታል፣ ይቆጣዋል፣ ውሻው ያንን ቦታ መጥላት ይጀምራል።

ትእዛዙ ከመጀመሪያው በእጅ ይሁን፤ ቃሉን በኋላ ጨምሩት። በአንድ ቤት አባት «ቁጭ በል»፣ እናት «ተቀመጥ»፣ ልጅ «ሲት» ሲሉ ውሻው ሦስት ቋንቋ መማር አለበት። እጅ ግን አንድ ነው። የአበሻ ውሻ ላላችሁ ደግሞ ይህን ያዙልኝ፦ ድንጋይ ሲወረወርበት ያደገ ውሻ ከትከሻ በላይ የተነሣ እጅ ሲያይ ጅራቱን ቆልፎ ያፈገፍጋል። ፈርቶ እንጂ ደንቁሮ አይደለም። ምልክቶቻችሁ ሁሉ ከወገብ እስከ ደረት ባለው ቦታ፣ መዳፍ ተዘርግቶ ይሁኑ። ይህን ካስተካከላችሁ የአበሻ ውሻ በፍጥነት ነው የሚማረው፤ ከማንም አያንስም።

ለልጆች ደስ የሚለው «አፈርኩ» የሚለው ነው፤ ውሻው በእግሩ ፊቱን የሚሸፍንበት። 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ፕላስተር፣ ብዙ የማይጣበቅ፣ አፍንጫው ድልድይ ላይ ለጠፍ አድርጉ፤ ጢሙን አትንኩ። በእግሩ ሊያነሣው ሲሞክር አጩኹና ስጡ። ደጋግሞ ሲያደርገው ከመለጠፋችሁ በፊት የእጅ ምልክት አስቀድሙ፤ ከዚያ ፕላስተሩን አንሱት። ከተንቀጠቀጠ ወይም መሬት ላይ ከተንከባለለ ወዲያው አንሱለትና ይቅር፤ ሁሉም ውሻ አይወደውም።

የፓል አለመራገፍ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፦ እርጥብ ሆኖ ሳይራገፍ የቆየባትን አንዲት ሰከንድ ቀድሞ መሸለም፣ ከዚያ ማርዘም። ከባድ ነው፤ ተፈጥሮውን ነው የምትይዙበት። በቤት አትሞክሩት፣ በደጋ ብርድ ውሻ አርጥቦ ማቆም አይገባም። ማነከስንም ተዉት፤ በስሕተት ከተማረው በእውነት ሲያመው አታውቁም።

ከልጆቹ ጋር ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ይኑር። ምግብ ላይ የሚያጉረመርም ውሻ ለዚህ አይሆንም። የማያውቁትን የመንገድ ውሻ ለማሠልጠን እንዳይጠጉ ከፊልሙ በፊትም በኋላም ንገሯቸው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ሰበታ መለሰ፦

ስለ «ኦልድ የለር» (1957፣ 83 ደቂቃ) ከሪል ቆጣሪ ጋር አልስማማም። ለ7 ዓመት ልጅ አይሆንም፣ ልክ ነው። ከ12 በላይ ለሆኑት ግን ለብቻ ቢታይና ውይይት ቢከተለው፣ በከተማችን ዳርቻ ለሚኖር ልጅ ከላሲ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ታሪኩ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻው ቤተሰቡን ሲጠብቅ ባበደ ተኩላ ይነከሳል፣ ለብቻው ይታሠራል፣ ሳምንታት አልፈው ምልክቱ ይታይበታል፣ ልጁ ይገድለዋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን አለመኖሩን ፊልሙ በትክክል ነው ያሳየው፤ ከንክሻ እስከ ምልክት ሳምንታት ወይም ወራት መሆኑንም እንዲሁ።

የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። በፊልሙ ላይ ያበደ ውሻ ይናከሳል፣ ያጉረመርማል። በእኛ ሰፈር ብዙ ሰው የሚጋለጠው ግን ዝም በሚለው ዓይነት ነው። መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሐጭ ያዝረከርካል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ «አጥንት ሰንቅሮት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። ልጆቹ ይህን ይወቁ፦ አፉን ከፍቶ መዝጋት ያቃተውን ውሻ ማንም አይንካ።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ በሰዓት ቆጥራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አንድ ደቂቃ አጥቦ ጨረስኩ ይላል። የቡና ዱቄት፣ ቅጠል፣ በርበሬ አይደረግበት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ፣ የተባለውን ክትባት በሙሉ ይጨርስ። ጸበሉም ሆነ የባህል መድኃኒቱ ክትባቱን አይተካም፤ የሚፈልግ ከክትባቱ ጎን ያድርገው እንጂ በምትኩ አያድርገው። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ባለቤት ያለውና ጤነኛ ከሆነ ቸኩላችሁ አትግደሉት፤ ታሥሮ 10 ቀን ይታይ። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲነክስ በምራቁ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። የግቢ ውሻ በ3 ወሩ ይከተብ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

«እንደ ላሲ ያለ» ለሚሉት ወላጆች፦ ረጅም ጸጉር ያለው ኮሊ የአዲስ አበባ አየር አይከብደውም፤ ጭቃው ነው የሚከብደው። በክረምት ጸጉሩ ሥር ያለው እርጥበት ቆዳውን ያቆስላል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እስከ ቆዳው ድረስ ማበጠር ያስፈልጋል፤ መዥገርና ቁንጫም ከዚያ ጸጉር ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። ከዚህ የሚብሰው አይቨርመክቲን ነው። ለበግና ለከብት የሚወጋውን ይህን መድኃኒት ሰዎች ለውሻ እከክ ይሰጡታል። አብዛኞቹ ኮሊዎች መድኃኒቱን ከአንጎል የሚያግደው መከላከያ በዘር ይጎድላቸዋል። ለከብት የሚሰጠው መጠን ኮሊን ያንገዳግደዋል፣ ያሳውረዋል፣ ራሱን ያስተዋል፣ ይገድለዋል። የኮሊ ድቅልም ያው ነው። ኮሊ ያለው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ የከብት መርፌ አያስነካው።

ዳልሜሽያን (ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ውሻ) «101 ዳልሜሽያንስ» በሚለው ካርቱን ምክንያት ይፈለጋል፤ መስማት የተሳናቸው ብዙ የሚወለዱበት ዘር ስለሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላው አጨብጭባችሁ እዩ። በአንድ ጆሮ ብቻ የማይሰማ በዚህ እንደማይለይ ግን እወቁ። ጀርመን ሼፐርድ ስትገዙ ደግሞ የወላጆቹን አረማመድ ተመልከቱ፤ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይወርሳሉ። ከሁሉም በፊት ግን ቤንጂ ከመጠለያ የወጣ ድቅል መሆኑን አስታውሷቸው።

የኮዬ እናት ጻፈች፦

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ኦልድ የለር»ን ለትልልቆቹ ለብቻ እናደርገዋለን፤ ሳሙናና ጆግ ውኃም ይዘን 15 ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ በተግባር እናሳያቸዋለን። ሦስት ነገር ቀረኝ። ተርጓሚያችን ሁሉን መናገር ይወዳል፤ እንዴት እናድርገው? ከውሻ ሌላ ምን እናሳይ? ልጆቹ ደግሞ ውሻ የልጅ ፊት የሚልስበትን ትዕይንት መቅረጽ ይፈልጋሉ፤ ይቻላል?

ትርጉም ቤት መለሰ፦

የቪዲዮ ቤት ትርጉም ለድብድብ ፊልም እንጂ ለውሻ ፊልም አይሆንም። ተርጓሚው ፊልሙን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ይየው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ። ድምፅ ጠፍቶ የገባውን ነገር አይተርጉም። ወረቀት ላይ የሰዓቱን ደቂቃና የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፍ፤ ለአንድ ንግግር ከአንድ ዐረፍተ ነገር አይበልጥ። «ላሲ ካም ሆም» ላይ የወላጆቹ ክርክር፣ የመስፍኑና የልጅ ልጁ ንግግር፣ አዛውንቶቹ ባልና ሚስት ውሻዋን ለመልቀቅ የሚወስኑበት ቦታ ይተርጎም። ብቻዋን በምትጓዝበት ጊዜ ሁሉ ዝም ይበል። ውሻው የሚያስበውን እየፈጠረ «ጆ የት ነህ? እያለች ነው» እንዳይል አደራ፤ ያንን ልጆቹ ራሳቸው ይሙሉት። ስሞቹን አይለውጥ። ማይክሮፎኑ ከፊልሙ ድምፅ ማጉያ ለየት ባለ ጎን ይሁን፤ ሁለቱ ከአንድ ሳጥን ሲወጡ ይዋዋጣሉ።

ሪል ቆጣሪ መለሰ፦

ዶክተር ያሉት ስለ «ኦልድ የለር» አሳምኖኛል፤ ለብቻ ከሆነ ይሁን። ከውሻ ሌላ ለምትፈልጉት «ሚስተር ኤድ» የሚለው የቴሌቪዥን ተከታታይ (ከ1961 እስከ 1966) አለ። ክፍሎቹ የግማሽ ሰዓት ናቸው፤ የጋሪ ፈረስ በየቀኑ ለሚያዩ ልጆች የሚናገር ፈረስ ጥሩ ነው። ባምቡ ሃርቨስተር የሚባለው ፈረስ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው ከከንፈሩ ሥር ባለፈች ቀጭን የናይለን ክር ነበር፤ በኋላ ሰኮናውን ሲነኩት ራሱ ማንቀሳቀስ ተማረ። የኦቾሎኒ ቅቤ ነው የሚባለውን ወሬ አብሮት የሠራው ተዋናይ አለን ያንግ ራሱ እንደፈጠረው ተናግሯል። ልጆቹ ከአሁን ክር ፍለጋ ከንፈሩን እንዲያዩ አድርጉ።

«ጄሲ ጄምስ» የተባለው ፊልም (1939) ሲቀረጽ ፈረስ ከገደል ተገፍቶ መሞቱ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ ከ1940 ጀምሮ የአሜሪካ የእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ቀረጻዎችን የሚከታተል ቢሮ ሆሊውድ ከፈተ። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ ፊልም ፈረስ ሲወድቅ ስታዩ ውድቀቱ የእውነት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ለልጆች ከዚያ ዘመን የካውቦይ ፊልም የማልመርጠው።

ፉጨት ዘለገጣፎ መለሰ፦

ፊት መላሱ፦ በፊልም ላይ ተዋናዩ ጉንጩ ላይ የሚበላ ነገር ይቀባና ውሻው ይልሰዋል። በልጅ ፊት ግን አታድርጉት፤ ምግብ የተቀባ ፊትና የውሻ ጥርስ በአንድ ቦታ መሆን የለባቸውም፣ የአንጀት ትልም በምላሱ ይተላለፋል። በልጅ ቁመት ያህል ትራስ ላይ የልጁን ሹራብና ኮፍያ አልብሱ። ኮፍያው ጎን ላይ የጥፍር ያህል ለጋ ቅቤ፣ ያለ ቅመም፣ ቀቡ። ካሜራው ከትራሱ ኋላ ይሁን፤ የውሻው ፊትና የኮፍያው ጠርዝ ብቻ ይታዩ። ከ5 ወይም 6 ሰከንድ በላይ አትቅረጹ፤ ቅቤው ሲያልቅ ኮፍያውን ማኘክ ይጀምራል። ከዚያ ውሻው ይውጣ፣ ልጁ በዚያው ቦታ ተቀምጦ ለብቻው ሲስቅ ቅረጹ። ሁለቱን ስታገናኙ የመብራቱ አቅጣጫ አንድ እንዲሆን ሁለቱንም በዚያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ቶሎ ይዞራል።